ቅዳሜ «ቀዳሚ» ከሆነች ለምን መጨረሻ ትመጣለች?

ፀሐይ ዘሽምብጥ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሰላምታውን ዘልዬ በቀጥታ ልግባ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ዛሬ የጠየቀችኝን መመለስ አቅቶኝ ነው የመጣሁት።

እናቴ እኛ ጋ ናት። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ቅዳሜና እሑድ ግን ከቅዳሴ መልስ ጠዋት ትቀምሳለች። ልጄ ይህን ለምዳዋለች። ዛሬ ታዲያ እናቴ «የፊታችን ቅዳሜ እህል አይቀመስም» አለች። ልጄ ወዲያው «ቅዳሜ ይበላል አላልሽም?» ብላ ያዘቻት። እናቴም «ይቺኛዋ ቅዳሜ ሹር ናት» አለችና አበቃ።

ከዚያ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አውርዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። በጣቷ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለች ሄደች። ቅዳሜ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «እማዬ፣ ቀዳሚ ማለት አንደኛ አይደል? ታዲያ ቅዳሜ ለምን ሰባተኛ ሆነች?»

ስወለድ ጀምሮ የምጠራው ስም ነው። አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። የምታውቁ ንገሩኝ፣ ለልጅ በሚገባ መንገድ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ደንገል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እኔ የሚመስለኝ የዕረፍት ቀኖቹ መጀመሪያ ስለሆነች ነው። «ቅዳሜና እሑድ» እንላለን እንጂ «እሑድና ቅዳሜ» አንልም። ከሁለቱ ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት።

ጡረተኛው መምህር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

እህቴ፣ ልጅሽን እግዜር ያሳድግልሽ። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሳስተምር እንዲህ ካላንደር አውርዶ የጠየቀኝ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ደንገል፣ ወደ መልሱ ተጠግተሃል። ግን ከሥሩ እንጀምር። የሳምንቱ ቀኖች በግዕዝ ቁጥሮች ናቸው። እሑድ ከአሐዱ ነው፣ አንደኛ ማለት ነው። ሰኞ በግዕዙ ሰኑይ ነው፣ ሁለተኛ። ቀጥሎ ሠሉስ፣ ሦስተኛ። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። አማርኛ ከነዚህ ውስጥ ሠሉስን ትቶ «የሰኞ ማግስት» አለ። ማግስተ ሰኞ ሲባል ሲባል ማክሰኞ ሆነ። ትግርኛ ግን እስከ ዛሬ ሰሉስ ይላል።

አሁን ልብ በሉ። ቁጥሩ ሐሙስ ላይ ይቆማል። ስድስተኛና ሰባተኛ የሚባል ቀን የለም። ዓርብ «ዐረበ» ከሚለው ነው፣ ፀሐይ ገባች ማለት ነው። ምዕራብም ከዚያው የወጣ ነው፣ ፀሐይ የምትገባበት። ዓርብ ማታ ፀሐይ ስትገባ ሰንበት ይገባል። ቀኑ በቁጥር መጠራቱን ትቶ በሚመጣው እንግዳ ተጠራ። እንግዳዋም ቅዳሜ ናት።

የቅዳሜ ሙሉ ስም «ቀዳሚት ሰንበት» ነው። የመጀመሪያዋ ሰንበት ማለት ነው። ቀዳሚት ቅጽል ናት፣ ባለቤቱ ሰንበት ነው። አፍ ሲያሳጥር ባለቤቱን ጣለና ቅጽሏን አስቀረ። ባጃጅ ስንይዝ «ጊዮርጊስ» እንላለን እንጂ «ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን» አንልም፣ እንደዚያ ነው። ስለዚህ ለልጅሽ እንዲህ በያት፦ ቅዳሜ ከሰባቱ ቀኖች አንደኛ አልተባለችም። ከሁለቱ ሰንበቶች አንደኛ ነው የተባለችው። ሁለተኛዋ እሑድ ናት፣ ሰንበተ ክርስቲያን።

ደንገል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

መምህር፣ እርስዎ ሲያብራሩት አንድ ነገር በራልኝ። «አንደኛ» የሚባለው እኮ ሁለተኛ ሲኖር ነው። አንድ ልጅ ብቻ ያላት እናት «የመጀመሪያ ልጄ» አትልም፣ «ልጄ» ነው የምትለው። እሑድ ሰንበት ባትባል ኖሮ ቅዳሜም ዝም ብላ ሰንበት ነበረች ማለት ነው?

ጡረተኛው መምህር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ጎሽ! እሱን ነው መጻፍ የነበረብኝ። ስሟ ራሱ ምስክር ነው። ሁለት ሰንበት የሚያከብር ሕዝብ ብቻ ነው ቀኑን ቅዳሜ ሊለው የሚችለው። ዕብራይስጡ ሻባት ብቻ ይለዋል። በእኛ አገር ደግሞ ጎረቤት ቋንቋዎችን እዩ። በትግርኛ ሰንበት ሲባል እሑድ ነው፣ ቅዳሜ ቀዳም ናት። በኦሮምኛ ሰንበታ ሲባል ቅዳሜ ነው፣ እሑድ ዲልበታ ነው። አንዱ ቃል በአንዱ አገር ከሁለቱም ቀን ላይ አርፏል።

«መጀመሪያ» የሚለውን ካነሣን አይቀር፣ የባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን ቆጠራው፣ ሊቃውንት ሦስት መነሻ አላቸው። ጥንተ ዕለት እሑድ ነው፣ ፍጥረት የተጀመረበት። ጥንተ ቀመር ማክሰኞ ነው፣ ስሌቱ የሚነሣበት። ጥንተ ዮን ረቡዕ ነው፣ ፀሐይና ጨረቃ የተፈጠሩበት። ቅዳሜ ከሦስቱም ውስጥ የለችም። ልጅሽ ቁጥር ከወደደች ይህን አሳያት። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሩ፣ ድምሩን ለአራት አካፍሉና ድርሻውን መልሳችሁ በድምሩ ላይ ጨምሩ፣ ከዚያ ለሰባት ግደፉት፣ ማለትም ለሰባት አካፍላችሁ የተረፈውን ብቻ ያዙ። አንድ ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፣ ሁለት ቢተርፍ ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የ2014ን ብናይ 7514 ይሆናል። ለአራት ስናካፍለው ድርሻው 1878 ነው፣ አንድ ላይ 9392። ለሰባት ሲገደፍ አምስት ይተርፋል። ከማክሰኞ ጀምራችሁ አምስት ቁጠሩ፣ ቅዳሜ ላይ ታርፋላችሁ። የዚያ ዓመት እንቁጣጣሽም ቅዳሜ ነበር።

ፀሐይ ዘሽምብጥ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

መምህር፣ እጅዎን ይባርከው። ጠዋት ቁርስ ላይ ነገርኳት። «እና ሰንበት የሚለውን ማን አጠፋው?» አለችኝ። ማክሰኞን ደግሞ ወዳዋለች፣ «የሰኞ ታናሽ» እያለች ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

የዳጋ መንገደኛ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ፣ ጉዳዩ ከእኛው ሐይቅ ከጣና ጋር ስለሚገናኝ። ይህቺ «ቀዳሚት» የምትባል ሰንበት በቀላሉ አይደለም ስሟን ይዛ የቀረችው። ሰው ተሰዶባታል።

በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱም ሰንበት ይከበር ብለው አስተማሩ። ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት ግን ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ሥርዓት ነው ይሉ ነበር። ኤዎስጣቴዎስ አገር ለቀው ሄዱ፣ በ1352 እ.ኤ.አ. በአርመን አገር ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ከቤተ ክህነትም ከቤተ መንግሥትም ተገፍተው በሰሜን ገዳማት ጸኑ። የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ በዚሁ ምክንያት ታስረው ነበር። በ1404 ዐፄ ዳዊት ማሳደዱ እንዲቆም አዘዙ፣ ቅዳሜን የሚያከብሩትም እንዲያከብሩ ተፈቀደላቸው። ነገሩ የተቋጨው ግን በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ነው። በ1450 እ.ኤ.አ. ተጉለት ውስጥ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ተደረገ። ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ተስማሙ፣ ሁለቱም ሰንበት እንዲከበር ተወሰነ። ከኤዎስጣቴዎስ ሞት እስከ ጉባኤው ወደ መቶ ዓመት ነው። መቶ ዓመት ሙሉ በአንድ ቀን ላይ!

አሁን ወደ ሐይቃችን ልምጣ። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አጽም ያለው እዚሁ ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። የአባታቸው የዐፄ ዳዊትም እዚያው ነው። ከጓደኞቼ ጋር የሄድን ጊዜ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ጠዋት ተነሣን። ደሴቷ ከሩቅ የተደፋ ድስት ትመስላለች። ዳገቱን ወጥተን ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆምን። አንድ አባት በሩን ከፍተው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉት። ሣጥኖቹ በመስታወት የተሸፈኑ ናቸው። የዘርዐ ያዕቆብን ሲያሳዩን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ የተኛ ሰው ያለበት ቤት እንደሚገባ ሰው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ያን ዕለት አላስተዋልኩትም፣ ይህን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ።

ፀሐይ ዘሽምብጥ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

ዳጋ ሴት ስለማይገባ እኔም ልጄም አናየውም። እንዲህ አድርገህ ስለነገርከን አመሰግናለሁ ወንድሜ። ማታ አነብላታለሁ።

ጎርጎራ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

የሐይቁን ሰሜን ዳርቻ አትርሱት። ደብረ ምጥማቅ የዘጋውን መልሰው የከፈቱት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን መቀመጫቸውን እኛ ጋ ጎርጎራ ላይ አድርገው ነበር፣ የግንቡ ፍራሽ እስከ ዛሬ ሐይቁን እያየ ቆሟል። ንጉሡ ቅዳሜ እንዳይከበር አወጁ፣ በዚህም አመፅ ተነሣባቸው። በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ። ከዚያ ስንት ደም ፈሰሰ። በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ገበሬው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ክርክር ጠልቆ ላያውቅ ይችላል። «ቅዳሜ እረስ» ሲባል ግን በሬውን የሚጠምደው እሱ ነው። ነገሩ የቤቱን ደጅ አንኳኳ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ አመፁን የምረዳው እንዲህ ነው።

በርበሬ ነጋዴዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

አንብቤ አንብቤ አላስችል አለኝ። እኔ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምሸጥ ሴት ነኝ። ከሳምንቱ ሁሉ የምደክምበት ቀን ቅዳሜ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ ጆንያ አስጭናለሁ። ማታ ስገባ ዓይኔ በበርበሬ ተቃጥሎ፣ እግሬ አብጦ ነው። ሰንበት ከሆነች ለምን የአገር ገበያ በእሷ ላይ ተተከለ? ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ ንስሐ አባቴንም ልጠይቅ እያሰብኩ ስተወው የኖርኩት ነገር ነው።

ከአዴት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እትዬ፣ ይህን የገጠር ሰው ይመልስልሽ። እኛ ጋ አባቴ ቅዳሜ አያርስም ነበር። ሞፈርና ቀንበሩ ዓርብ ማታ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እናቴም ወፍጮ ላይ አትቀመጥም። በሬዎቹ መስክ ላይ ተኝተው ሲያመሰኩ ይውላሉ። ሰው ግን እግሩ ነጻ ነው። ማረስ የለ፣ ማጨድ የለ፣ ታዲያ ምን ያደርጋል? ጤፉን፣ ጌሾውን፣ ዶሮውን ይዞ ገበያ ይወጣል። ዘመድ የሚገናኘው፣ ለቅሶ የሚሰማው፣ ሽምግልና የሚቀጠረው እዚያ ነው። እሑድ እንዳይሆን ቅዳሴ አለ። እኔ እንደማየው ገበያው ቅዳሜ የሆነው ሰንበትን ስለናቁ አይደለም። እርሻ የማይታረስበት ቀን ስለሆነ ነው።

በርበሬ ነጋዴዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እውነትህን ነው። ቅዳሜ ከአዴት በኩል የሚመጡት ደንበኞቼ ልብሳቸው እንኳ የታጠበ ነው። ነጠላቸው ይነጣል። ማክሰኞ የሚመጣ ገበሬ እንደዚያ ለብሶ አይመጣም። ስንት ዓመት እያየሁት!

ዲያቆን ዘባሕር ዳር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡50

ከስግደት ወጥቼ ነው። ሁለት ነገር ልበል፣ አንዱ ለእትዬ፣ አንዱ ለእህታችን ፀሐይ።

ስለ ሰንበት ጥብቅ ሕግ የሚናገር መጽሐፍ አለን፣ ኩፋሌ። ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ፣ 50ኛው፣ በሰንበት የማይደረገውን ይዘረዝራል። ማረስ አለበት፣ እሳት ማንደድ አለበት፣ መንገድ መሄድ፣ ለመግዛትና ለመሸጥ መነጋገር አለበት። በመርከብ ባሕር ላይ መሄድ እንኳ ተከልክሏል። ጣና ዳር ላደግን ሰዎች ይህ ቃል ልዩ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ይህን ሁሉ እንዳለ በክርስቲያን ላይ አልጫነችም። ቀዳሚትን የምናከብራት በቅዳሴ፣ ከከባድ ሥራ በማረፍና በበጎ ሥራ ነው። እትዬ፣ ንስሐ አባትሽን ግን ጠይቂ፣ አትተዪው። የዓመታት ጥያቄ ነው።

ከዚያው ዝርዝር ውስጥ ልጅሽን የሚመለከት አንድ ቃል አለ እህቴ። በሰንበት መጾም ክልክል ነው ይላል። እማማ ቅዳሜ ጠዋት የሚቀምሱት ሥሩ እዚህ ድረስ የሚሄድ ሥርዓት ነው። ሁዳዴ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት እንከለከላለን እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንቆይም። በዓመት አንዲት ቅዳሜ ብቻ ይህ ይቀራል። ጌታ በመቃብር ያደረባት ቅዳሜ። እሷ ቀዳም ሥዑር ትባላለች፣ እማማ «ሹር» ያሉት።

ስም አልጠቅስም | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15

ዲያቆን፣ ሥዑር ማለት የተሻረ ማለት አይደል? እኔ የሰማሁት የብሉይ ሰንበት በእሑድ ስለተተካ ቅዳሜ ተሻረች ማለት ነው ተብሎ ነው።

ዲያቆን ዘባሕር ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ቃሉን በትክክል ይዘኸዋል ወንድሜ። ሠዐረ ማለት ሻረ ነው፣ አማርኛው «ሻረ» ራሱ የዚያ ልጅ ነው። ሹም ሽር ስንል የምናውቀው ሽር። ነገር ግን ምን ተሻረ? ቀኗ ብትሻር ኖሮ በማግስቱ ሳምንት ቅዳሜ ተመልሰን ባላከበርናት። የተሻረው በዚያች ዕለት አለመጾሟ ነው። ሌላ ጊዜ የማትጾመው ቅዳሜ በዚያን ቀን ትጾማለች። ስሙ ለአንዲት ቀን የተሰጠ ነው። የዳጋ መንገደኛ ከላይ የጻፈውን አስብ፤ ያ ሁሉ አባት የተሰደደው ቅዳሜ አልተሻረችም ብሎ ነው። አሁን በአንድ ቃል ብንሽራት እነሱን መርሳት ይሆናል።

ስም አልጠቅስም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ተቀብያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሱቅ ጠባቂ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡30

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ስትወያዩ ደስ ብሎኝ ሳነብ ነበር። በዐረብኛም ቁጥሩ ከእሑድ ነው የሚጀምረው። አሐድ፣ ኢስነይን፣ ሱላሳእ፣ አርቢዓእ፣ ኸሚስ። ልክ እንደ ግዕዙ ሐሙስ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ ጁምዓ ነው፣ የመሰብሰቢያ ቀን። ቅዳሜ ሰብት ነው። አንድ የሚገርማችሁን ልንገራችሁ፣ ከእስልምና በፊት ዐረቦች ዓርብን «ዐሩባ» ይሉት ነበር። መምህር ስለ ዓርብ የጻፉትን ሳነብ ወዲያው እሱ መጣልኝ።

ጡረተኛው መምህር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡15

ወንድሜ፣ በጣም ነው ያስደሰትከኝ። ዐሩባንና ዓርብን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባኝ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። «ሰነበተ» የምንለው ግስ የሰንበት ልጅ ነው። ሰንበትን አሳለፈ፣ ቆየ ማለት ነው። «እንዴት ሰነበታችሁ» ስንባባል ከተለያየን ወዲህ ያለፈውን ሰንበት መጠየቃችን ነው። ስንብትም ከዚያው ነው። ሕማማት አልፎ ሰላምታ ሲፈቀድ ልጅሽ አያቷን «እንዴት ሰነበትሽ» ስትላት ቃሉን ቀስ ብላ ትበለው።

ፀሐይ ዘሽምብጥ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡40

ቃል በገባሁት መሠረት ሁሉንም አነበብኩላት። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ዲያቆን የጻፍከውን እናቴ ራሷ ሰምታ «እኔም እኮ ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለች።

ዛሬ ጠዋት ቄሱ ቃጭል እያሰሙ ወደ ሰፈራችን ገቡ። አንድ ልጅ እርጥብ ቄጤማ በክንዱ ታቅፎ ይከተላቸዋል። «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ለየቤቱ ሰጡ። ቄጤማው ገና የሐይቅ ጭቃ ሥሩ ላይ ነበረበት፣ ነጠላዬን አቆሸሸው። ልጄ እንዲያስሩላት ራሷን ዘንበል አድርጋ ቆመች። ቄሱ ቋጠሮውን ግንባሯ ላይ ሲያጠብቁት «አባ፣ ዛሬ ሹር ናት አይደል?» አለቻቸው። «ናት፣ ለምለም ቅዳሜም ትባላለች» አሏት።

ከዚያ ገብታ እርሳስ ይዛ ካላንደሩ ላይ ተደፋች። በዚህ ወር ውስጥ ካሉት ቅዳሜዎች ሥር ሁሉ በትናንሽ ፊደል «ሰንበት» ብላ ጻፈች። የወደቀውን ቃል መለሰችው። የዛሬዋ ላይ ብቻ ትንሽ አሰበችና «ሰንበት፣ ግን ትጾማለች» አለች። ቦታው ስላልበቃት የመጨረሻው ፊደል እሑድ ላይ ወጥቷል።

እናቴ ከሐሙስ ጀምሮ አክፍላለች። ውኃም አልቀመሰችም። ቄጤማውን በሻሽዋ ላይ አስራ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፣ የሌሊቱን ቅዳሴ እየጠበቀች።